አድራሻ የሳተ ስለት

ሹልዋን ዓይኗን በጨው አጥባ ነው የምትዋሸው። ዳክዬ ኩሬ ቅያስ መግቢያ ላይ አንድ ጆሮው የጎደለ የድንጋይ አንበሳ አለ። ጎብኚዎቿን አስከትላ እዚያ ስትደርስ ወገቧ ላይ የታጠቀችውን ድምፅ ማጉያ ከፍ ታደርግና ታሪኩን ትጀምራለች። ከብዙ መቶ ዓመት በፊት አንድ የፋርስ መርከበኛ በሩዝ አረቄ ናላው ዞሮ፣ አንበሳውን «አማቴ ናት» ብሎ ጆሮውን ነክሶ ጎመደው ትላለች። መርከበኛው ጥርሶቹን እዚሁ አራግፎ ቀረ፤ ሾርባ ብቻ እየጠጣም ዘጠኝ ልጅ ወለደ። ጎብኚዎቹ ይስቃሉ፣ ፎቶ ያነሳሉ፣ የተሰበረውን ጆሮ በየተራ ይዳስሳሉ። ጆሮውን የሰበረው ግን ሟቹ ባሏ ነው፤ ባለ ሦስት እግር የጭነት ብስክሌቱን ወደ ኋላ ሲያስኬድ ገጨው። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፣ ማንም ትንፍሽ አይልም። እውነት ያማረው ሰው ሙዚየም ይሂድ፤ በነፃ ነው፣ ማቀዝቀዣም አለው።

የቹዋንጆው አሮጌ ከተማ እንዲህ ባለ ቅያስ የተሞላ ነው። ቀይ የጡብ ግድግዳ፣ እንደ ወፍ ጅራት ወደ ላይ የተቀለበሰ ጣሪያ፣ በየጥጋጥጉ መቅደስ። ዳክዬ ኩሬ ቅያስ ዳክዬም ኩሬም የለውም፤ ኖሮት የሚያውቅም ሰው አልተገኘም። ድሮ የሚያልፍበት ቆሻሻ ሰብሳቢና ድመት ብቻ ነበር። አሁን ግን ከሰሜን ከደቡቡ አገር ይጎርፋል፤ ሴቱ በሙሉ የአበባ ጉንጉን ተከራይቶ ራሱ ላይ ይደፋል፣ አንዳንዱ ባለ ጢም ባልም ሚስቱ ለፎቶ ስታስገድደው ይደፋል። ሹልዋን ዕድሜዋን ሙሉ ጃንጥላ ፋብሪካ ውስጥ ጨርቅ ስትሰፋ ከማሽኑ ጩኸት የተነሳ ማንም ሰምቷት አያውቅም። ጡረታ ወጣችና ያቺ የተጠራቀመች ወሬ መውጫ አገኘች። ያን ማጉያ የታጠቀች ዕለት ሰፈሩ «ሹመት ያዳብር» ብሏታል፤ ግማሹ ለሽሙጥ።

ግን እውነቱን ልንገራችሁ። ይህች ለአገር ሁሉ የምታወራ ሴት ለአንድ ሰው መደወል አቅቷት ነበር።

ሰውዬው ልጇ ዪታው ነው። ሺያመን ከተማ አሳንሰር ይጠግናል፤ በፈጣኑ ባቡር የግማሽ ሰዓት መንገድ ነው፣ ተቀምጠህ ሱፍ መፈልፈል ከመጀመርህ ደረስክ ይሉሃል። ይህ ልጅ ግን ሦስት አዲስ ዓመት ሲያልፍ የእናቱን ደጅ አልረገጠም። አባቱ በሞተ ሰሞን መጥቶ፣ ቤቱን ለእንግዳ ማረፊያ እናከራየውና አንቺ እኔ ዘንድ ኑሪ አላት። ሃያ ስድስተኛ ፎቅ ነው፣ ባሕሩ ከአልጋሽ ላይ ይታያል፣ አሳንሰሩንም እኔው ነኝ የምጠግነው አለ። እሷ «እኔ እርግብ አይደለሁም» አለች። ልጁ፣ ጣሪያው ያፈሳል፣ ደረጃው አንድ ቀን ይገድልሻል አለ። እሷም፣ አባትህ አፈሩ ሳይደርቅ ቤቱን ልትሸጥበት ነው ወይ አለች። ማከራየት እንጂ መሸጥ አላልኩም አለ። ነገር ነገርን እየወለደ ሄዶ መጀመሪያ ጫማው ወደ ውጭ ተወረወረ፣ ቀጥሎ ሻንጣው፣ በመጨረሻ ባለቤቱ ራሱ። ከዚያ ሹልዋን ደፉ ላይ ቆማ፣ ያኔ ማጉያ እንኳ ሳይኖራት፣ ቅያሱን ከዳር እስከ ዳር ያናወጠ ቃል ተናገረች፦ እኔ በገዛ አፌ ሳልጠራህ ይህን ደጅ እንዳትረግጥ።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ልጁ ደግሞ የእናቱ ልጅ ነው፤ አትርገጥ ተባለ፣ አልረገጠም። ሦስት ዓመት ሙሉ የሁለቱ ወግ በስልክ የሚላክ አንድ መስመር ብቻ ነበር። «በልተሻል?» ይላል እሱ። «በልቻለሁ» ትላለች እሷ። አንዳንዴ ሳትበላም በልቻለሁ ትላለች።

ደውላ «ና» ብትለው ያልቅ ነበር። ግን ሹልዋን ልጅ እናቱን ይለምናል እንጂ እናት ልጇን አትለምንም የምትል ሴት ናት። ስለዚህ የሚለምንላት ፈለገች፤ ወደ ሹሙ ሄደች።

ሹሙ የምንለው የቅያሱን ጠባቂ አምላክ ነው። ቅያሱ ጫፍ ላይ፣ ከአንድ ሰው ማድ ቤት በማይበልጥ መቅደስ ውስጥ፣ ፊቱ በዕጣን ጠቁሮ፣ የሹመት ባርኔጣውን ደፍቶ ተቀምጧል። የሱ አለቃ የከተማው አምላክ ነው፤ ከሱም በላይ አለቃ አለ፤ እንዲህ እንዲህ እያለ እስከ ላይኛው ሰማይ ይደርሳል። እኛ ዘንድ ሰማዩም ቢሮ ነው። ስለዚህ ጉዳይ ያለው ሰው ዝም ብሎ «እርዳኝ» አይልም፤ ማን እንደሆነ፣ መቼ እንደተወለደ፣ የት ሰፈር፣ የት ቅያስ፣ ስንት ቁጥር እንደሚኖር አስተካክሎ ይናገራል። አለዚያ ሹሙ የማንን ጉዳይ ለማን ያደርስ? ደግሞም ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚለውን ተረት ለሱ የተረቱለት ይመስል፣ ብርቱካኑንም፣ የተጠበሰውን ዶሮም፣ ሲጋራውንም ሳያሰልስ ይቀበላል።

ሹልዋን ጨረቃ በወጣች በአንደኛውና በአሥራ አምስተኛው ቀን ሁሉ ተንበርክካ፣ «ጁዋንግ ሹልዋን እባላለሁ፣ በእባብ ዓመት የተወለድኩ፣ ዳክዬ ኩሬ ቅያስ፣ ቁጥር ስድስት። የቤቱን ልጅ ወደ ቤቱ መልስልኝ» ትላለች። ስለትም ገብታለች፤ ልጁ ከመጣ አንድ ሙሉ የተጠበሰ አሳማ ታስገባለች። ትንሽ አሳማ።

ባለፈው መከር ታዲያ ልጅ መጣ። የጎረቤቷ።

ጎረቤቷ ቢዩን ትባላለች፤ ግድግዳቸው አንድ ነው፣ ጠባቸውም እንደዚያው። የቢዩን ልጅ አሾንግ የሚባለው፣ አርባ ሊሞላው ምንም ያልቀረው፣ ሥራ ሲያይ ወገቡን የሚያመው ሰውዬ ነው። ወደ ምዕራብ አገር ሄዶ ሳሎን ከፈተ ተባለ፣ ሳሎኑ ተዘጋ ተባለ፣ የዓሣ ምግብ ቤት ከፈተ ተባለ፣ ዓሦቹ ሞቱ ተባለ። በሄደበት ዘመን ሰፈሩ እፎይ ብሎ ተኝቷል። በመከር ግን አንድ ጠዋት ሆዱን ቀድሞ፣ ከኋላው የሚንከባለል ትልቅ የካራኦኬ ማጫወቻ እየጎተተ ቅያሱ ውስጥ ገባ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከምሳ በኋላ ይዘፍናል። የፍቅር ዘፈን ነው፣ ያውም ከፍ ያለውን ድምፅ ሳይደርስበት። የግድግዳው ወዲህኛው ወገን ሹልዋን ሩዝ ላይ እንደተደፋች ታዳምጠዋለች።

ቢዩን በየደጁ እየዞረች አለቀሰች። ላም እሳት ወለደች፤ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት አለች። በአንድ ጊዜ ሦስት ሳህን ኦይስተር የሚባል የባሕር ዛጎል ሥጋ ያለበት ቂጣ ይበላል አለች፤ ገላውን ሲታጠብ ሙቅ ውሃ ለማንም አይተርፍም አለች። ሹልዋን «አይዞሽ» እያለች ራሷን ትነቀንቅ ነበር፤ በልቧ ግን ትቃጠል ነበር። ያ ደንደሳም እናቱ ማዕድ ላይ ቁጭ ብሎ እየበላ፣ የሷ ልጅ፣ የአሳንሰር ባለሙያው፣ በልደቷ ጓንት የሚልከው፣ ባዶ ቤት ውስጥ ለብቻው ይበላል። ቅናት ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

በዚያው ዓመት ብርዱ ሲገባ፣ ጨረቃዋ በሞላች ዕለት፣ ሹልዋን አበባ የደፉ ጎብኚዎቿን አስከትላ የሹሙ መቅደስ ገባች። ቢዩንም እዚያው ነበረች፤ ጠረጴዛው ላይ ብርቱካን እየከመረች፣ የሹልዋንን ማጉያ በሰማች ቁጥር አፍንጫዋን ታጨማድዳለች። በር ሥር የመቅደሱ ጠባቂ ጋሼ ሆንግ የቀርከሃ ወንበሩ ላይ ያንጎላጃል። ጋሼ ሆንግ ድሮ የአውቶቡስ ትኬት ቆራጭ ነበር፤ ዛሬም ሰው ሲገባ ዓይኑን ሳይገልጥ «ወደ ውስጥ ጠጋ በሉ» ይላል።

ከጎብኚዎቹ መካከል ከሰሜን፣ ከብርዱ አገር የመጣች አንዲት ሙሽራ ነበረች። ልጅ ፈልጋለች፤ እንዴት ነው የሚለመነው ብላ ጠየቀች። ሹልዋን እንዲህ ያለ ጥያቄ ነፍሷ ነው። ማጉያውን ከፍ አድርጋ፣ ስም፣ የልደት ቀን፣ አድራሻ፣ ቁጥሩን ሳይረሱ፣ እያለች አስረዳች። አድራሻ የሌለው ጸሎት አድራሻ እንደሌለው ጥቅል ነው፤ ሹሙ ቢሮ ይከርምና ይበሰብሳል አለች። ሙሽራዋ ትንሽ አሰብ አድርጋ፣ እኛ እኮ ባለፈው ወር ቤት ቀይረናል፣ የቱን ልናገር፣ የድሮውን ወይስ የአሁኑን አለቻት።

«የአሁኑን ነዋ» አለች ሹልዋን። «በድሮው ከተናገርሽ ልጁን የሚያገኘው አሁን እዚያ ቤት የገባው ሰው ነው። ሹሙ የሚያየው ቁጥሩን ነው፣ ያንቺን—»

አፏን እንደከፈተች ቀረች። ማጉያው ለብቻው ይጮሃል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ የመንገድ አስዋቢ ኮሚቴ የሚባል መጥቶ ነበር። ጎብኚው ከትልቁ ቤተ መቅደስ ወገን ስለሚገባ የቅያሱ ራስ በዚያ ይሁን፣ ቁጥር አንድም ከዚያ ይጀምር አለ። አንድ ጠዋት የድሮውን የቆርቆሮ ቁጥር ሁሉ ነቃቅለው፣ ጥንታዊ እንዲመስል በጫማ ቀለም ያጠቆሩትን የእንጨት ቁጥር መቱበት። አሥራ ሁለቱ ደጅ ግልብጥ አለ፤ አሥራ ሁለት የነበረው አንድ ሆነ፣ አንድ የነበረው አሥራ ሁለት። መሃል ላይ ያሉት ሁለቱ ጎረቤቶች ደግሞ ተቀያየሩ፤ የሹልዋን ስድስት ሰባት ሆነ፣ የቢዩን ሰባት ስድስት። ሁለት ሳምንት ያህል ጥቅል ተሳሳተ፣ ፖስተኛው ተሰደበ፣ ከዚያ ተለመደ። ቧንቧውም መብራቱም በአዲሱ ቁጥር ይከፈላል። ለሹሙ ግን ሹልዋን ከልጅነቷ የለመደውን ምላሷን ይዛ አሁንም «ቁጥር ስድስት» እያለች ትለምናለች።

የቤቱን ልጅ ወደ ቤቱ መልስልኝ፤ ቁጥር ስድስት። ሹሙም ታዘዘ፤ የቁጥር ስድስትን ልጅ ከነካራኦኬው መለሰ።

ሹልዋን ቀስ ብላ ወደ ቢዩን ዞረች። አሾንግን ያመጣሁብሽ እኔ ነኝ አለቻት፤ ስትናገርም ግማሹ ድንጋጤ ነው፣ ግማሹ ንዴት። ቢዩን መጀመሪያ አልገባትም፤ ሲገባት ብርቱካኑ ከእጇ ወደቀና ወለሉ ላይ ተንከባለለ። ጎብኚዎቹ ስልካቸውን አወጡ። አንዱ ባለ አበባ ሰውዬ ይህ ትርኢት በየቀኑ ነው ወይስ ቅዳሜና እሑድ ብቻ ብሎ ጎኑ ያለውን ጠየቀ።

በዚህ መሃል ሹልዋን ሌላ ነገር ትዝ አላት። ቢዩንም በየአሥራ አምስቱ እዚሁ ትንበረከክ ነበር።

«አንቺስ» አለቻት፣ «አንቺስ ምን ብለሽ ነበር የምትለምኚው?»

ቢዩን የወደቀውን ብርቱካን ልታነሳ ጎንበስ አለች።

«በሞትኩት ንገሪኝ፣ ቢዩን።»

«ባለበት ይቆይ ብዬ ነዋ» አለች ቢዩን መጨረሻ ላይ፣ ወለሉን እያየች። «የቤቴ ልጅ ባለበት ይቆይ፣ እህል ውሃ አይጣ፣ ጤናም አይጣ፣ ብቻ ወደዚህ እግሩን እንዳያነሳ ብዬ።»

«በስንት ቁጥር?»

«ሰባት ነዋ። በስንት ልበል?»

ሰባት ማለት አሁን ሹልዋን ነች። ሁለት ዓመት ሙሉ ይህች ሴት የሷን ልጅ ሺያመን ላይ ስትቸነክረው ኖራለች፤ እሷ ደግሞ ያንን ደንደሳም ከምዕራብ አገር እየጎተተች ስታመጣላት። ከዚህ በኋላ የተባባሉትን ሁሉ አልጽፈውም፤ ሹሙ ራሱ ጆሮ ቢኖረው ባርኔጣውን ወደ ታች ይስበው ነበር። ቢዩን፣ ቁጥርሽን የማታውቂ አስጎብኚ፣ ሰውን ስትመሪ ገደል ትከቺዋለሽ አለች። ሹልዋን፣ አንቺስ መች አወቅሽ፣ ያውም እኔ ልጄን ና አልኩ፣ አንቺ የገዛ ልጅሽን አትምጣ አልሽ አለች። ቢዩን፣ ያንቺን ልጅ ያባረርሽው አንቺው ነሽ፣ እኔ ጫማ አልወረወርኩም አለች። ይህን ሁሉ ማጉያው እየተቀበለ ለቅያሱ ያደርሳል፤ የሻይ ቤቱ ሰዎች ሲኒያቸውን ይዘው በር ላይ ተኮለኮሉ።

ጋሼ ሆንግ ዓይኑን ገለጠ። ሹሙ ሁለት ሴት በአንድ ጊዜ አይሰማም፣ እኔም አልሰማም አለ፤ ጥያቄ ያለው በእንጨቶቹ ይጠይቅ፣ የሌለው ወደ ውስጥ ጠጋ ይበል።

እንጨቶቹ ጥንድ ናቸው፤ ግማሽ ጨረቃ ይመስላሉ፣ በአንድ ወገን ልሙጥ፣ በሌላው እንደ ሆድ ያበጡ። ጠይቀህ ወደ ወለሉ ትጥላቸዋለህ። አንዱ በልሙጡ ሌላው በሆዱ ከወደቀ ሹሙ እሺ አለ ማለት ነው። ሁለቱም ሆዳቸውን ወደ ላይ ከሰጡ እምቢ ነው። ሁለቱም ልሙጣቸውን ወደ ላይ ከሰጡ ደግሞ ሹሙ እየሳቀብህ ነው።

ሹልዋን አነሳቻቸው። ሹሜ ሆይ፣ ልጆቹን ያለዋወጥከው በቁጥሩ ነው ወይ ብላ ጣለች። አንዱ ልሙጥ፣ አንዱ ሆድ። ጎብኚዎቹ አጉረመረሙ፤ ባለ አበባው ሰውዬ ጉንጉኑን ከራሱ ላይ አወለቀ።

«እንግዲያው ይስተካከል» አለች ሹልዋን፤ እንጨቶቹን መልሳ አነሳች። «አሾንግ ወደመጣበት ይሂድ፣ የኔም ወደ—»

ቢዩን የእጇን አንጓ ያዘች። በጭቅጭቅ እጅ አይደለም፤ ጠበቅ አድርጋ ያዘች።

«አሾንግን ተይው።»

ሹልዋን ግራ ገባት። «ቀን ከሌት ስትረግሚው አልነበረም እንዴ?»

«እረግመዋለሁ። ልጄ ነው፣ ገና እረግመዋለሁ» አለች ቢዩን። «ሲዘፍን ግን፣ ሹልዋን፣ ቤቱ ውስጥ ሰው አለ። አባቱ ከሞተ ወዲህ እኮ ያ ቤት ትንፋሽ አልነበረውም። ያንቺን ልለምን ካልሽ ለምኚ፤ የኔን አትንኪብኝ።»

ሹልዋን ልትመልስላት ፈለገች፤ ስድቡ ምላሷ ጫፍ ላይ ተዘጋጅቶ ነበር። ግን ሰው ያለበትና ሰው የሌለበት ቤት ልዩነቱን ከሷ በላይ የሚያውቅ የለም። እሷም በገዛ ቤቷ ለወጥ ድስቱ ስትናገር፣ ለጣሪያው ፍሳሽ ስትናገር ራሷን አግኝታ ታውቃለች። ለዚህም ነው ማጉያውን ታጥቃ ለማያውቋት ሰዎች ስለ ፋርስ መርከበኛ ስትቀደድ የምትውለው። እንጨቶቹን ይዛ ቆመች፣ ከዚያ የአሾንግን ነገር ትታ ተንበረከከች።

ጁዋንግ ሹልዋን፣ ዳክዬ ኩሬ ቅያስ፣ ቁጥር ሰባት አለች፤ ሰባትን ጠበቅ አድርጋ። ልጄን ዪታውን ታመጣልኛለህ ወይ ብላ ጣለች።

ሁለቱም ልሙጣቸውን ወደ ላይ ሰጡ። ሹሙ ሳቀ።

አሳማው ትልቅ ይሆናል ብላ እንደገና ጣለች። ሳቀ። ያቺ ሙሽራ ምን ማለት ነው ብላ ስትጠይቅ፣ አንዱ የሻይ ቤት ሰው፣ እየቀለደባት ነው ብሎ አስረዳት። ሹልዋን ፊቷ ቀላ። ለሦስተኛ ጊዜ፣ ምንም ሳትጨምር፣ እባክህ ብላ ብቻ ጣለች። እንጨቶቹ ተሽከርክረው፣ ተሽከርክረው፣ እንደ ሁለት የተከፈተ አፍ ወለሉ ላይ ተኙ። ሳቀ።

ጋሼ ሆንግ ከወንበሩ ተነሳ፤ ይህ በዓመት አንዴ የሚሆን ነገር ነው። ልጁን ደጅ ላይ ምን ብለሽ ነው የሸኘሽው ብሎ ጠየቃት። ሹልዋን እንጨቶቹን ልትለቅም አጎነበሰች።

«እኔ ልንገርህ፣ ጋሼ ሆንግ» አለች ቢዩን። «በገዛ አፌ ሳልጠራህ ይህን ደጅ እንዳትረግጥ ነው ያለችው። ሩዝ አፌ ውስጥ እንዳለ ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ ሹሙን ምን አርግ ትይዋለሽ?» አለ ጋሼ ሆንግ። «የሹሙ ሥልጣን እስከ ደፍሽ ድረስ ነው። ከደፉ ወዲያ ባለቤቷ አንቺ ነሽ፤ አንቺ የዘጋሽውን በር እሱ ሰብሮ እንዲገባ ነው የምትፈልጊው? ለምን እንደሚስቅብሽ አልገባሽም?»

ተመልሶ ተቀመጠ፤ ዓይኑንም ከደነ።

ሹልዋን ከጉልበቷ ሳትነሳ ከኪሷ ስልኳን አወጣች። የልጇን ስም እስክታገኝ ጣቷ ብዙ ቦታ ተሳሳተ። ሦስት ዓመት ሙሉ ያልነካችው ቁልፍ ነው፤ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚጫኑት፣ ግን ጃንጥላ ፋብሪካ ሙሉ ዕድሜዋን የሰፋችው ጨርቅ ሁሉ እንደዚያ አልከበዳትም። ጠራ። ገና ሁለተኛው ሳይጠራ ተነሳ።

«እማ? ምን ሆንሽ?»

«ምን እሆናለሁ» አለች። «በልተሃል?»

«በልቻለሁ። አንቺስ?»

«በልቻለሁ።»

እዚህ ላይ ወሬያቸው አለቀ፤ ሁልጊዜም የሚያልቀው እዚሁ ነው። እጇ ስልኩን ሊዘጋ ሲሄድ ቢዩን ከኋላ በክርኗ ጎሰመቻት፣ ያውም አሳመመቻት።

«ዪታው» አለች ሹልዋን። «ያን ቀን ደጅ ላይ የተናገርኩት ነገር አለ።»

ልጁ አሳንሰር ቤት ውስጥ ይሆናል፤ ከወዲያ በኩል የብረት ድምፅ ይሰማል።

«ትዝ ይልሃል አይደል?»

«ይለኛል» አለ። ቀጥሎም በጥንቃቄ፣ «እማ፣ ድምፅሽ ሁለት ሁለት ጊዜ ነው የሚሰማኝ። ማጉያ ነገር የተከፈተ መሰለኝ። ሰው አለ አጠገብሽ?»

ሹልዋን ቀና አለች። አበባ የደፉት ጎብኚዎች ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል፤ ሙሽራዋ እያለቀሰች ነው፤ የሻይ ቤቱ ሰዎች ከነሲኒያቸው በሩን ሞልተዋል፤ ቢዩን ከላይዋ ቆማለች። ከንፈሯ ጥግ ላይ ያለውን ማይክ አየችው፤ ወገቧ ላይ ያለውን ቁልፍ በጣቷ ነካችው፤ ተዘግቶ እንደማያውቅ ገባት። ጫን ብትለው ጠፍቶ ነገሩ በእናትና በልጅ መካከል ይቀር ነበር። አልተጫነችውም።

«ሰው አለ» አለች። «ይስሙ። ሳባርርህ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል፤ ስጠራህም ይስማ። በገዛ አፌ ነው፣ ዪታው፣ ጠርቼሃለሁ። ናፍቀኸኛል። ቤቱ ባዶ ነው፤ ጣሪያውም ያፈሳል፣ እንዳልከው።»

ጎብኚዎቹ የሷን ቃል እንጂ የሱን አይሰሙም፤ ፊቷን ብቻ ነው የሚያዩት፣ እንባዋም እስከ ማይኩ ወርዷል። ልጁ ጉሮሮውን ሲጠራርግ ሰማችው። ሦስት ዓመት ሙሉ የጠበቀውን ነገር ሰው ሲያገኝ እንደሚሆነው፣ ቢቸኩል ከእጁ የሚያመልጥ መስሎት ፈርቶ፣ ሩቅ ቀን ፈልጎ ያዘ።

«እሺ እማ። ለአዲስ ዓመት ልምጣ?»

«የምን አዲስ ዓመት» አለች ሹልዋን። «ለራት ና።»